የላጤ ማጀት፦ ከዋሺንግተን ወደ ጉንደ ወይን የተላከ ደብዳቤ

የሐበሻ ምግብ አንድ ሰው ብቻውን እንዲበላው ተብሎ የተሠራ አይደለም። ሊጥ የሚቦካው ለቤተሰብ ነው፤ ወጥ ሲሠራ ሳይታሰብ የሚመጣው እንግዳም ይታሰብለታል፤ ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ካልተጠራ ደግሞ ነውር ነው። ዋሺንግተን አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖር የጉንደ ወይን ልጅ ችግሩ በሙሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው። የሙያ ማነስ በሁለተኛ ደረጃ የሚነሳ ጉዳይ ነው፤ ጉንደ ወይን ውስጥ ማጀት የገባ ወንድ ምን እንደሚባል ግን ለደብዳቤው ተቀባዮች ማስረዳት አያስፈልግም።

ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው እንጀራው ነው። ኢትዮጵያ ጥሬ ጤፍና የጤፍ ዱቄት ወደ ውጭ እንዳይላክ በ2006 እ.ኤ.አ. ከልክላ ስለነበር አሜሪካ ውስጥ ያለው ሐበሻ ፊቱን ወደ አይዳሆ አዙሯል። እዚያ ጤፍ ማብቀል የጀመረው በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ የሠራው ዌይን ካርልሰን ነው። ምጣዱም የተውሶ ነው። ብዙ ቤት የሚገኘው የኤሌክትሪክ ምጣድ የኖርዌይ ተወላጆች ሌፍሰ የሚሉትን የድንች ቂጣ እንዲጋግሩበት የተሠራ ነው። ስፋቱ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ የሚወጣው እንጀራ ጉንደ ወይን ቢቀርብ «እንጎቻው መጣ፣ እንጀራውስ?» መባሉ አይቀርም።

ሊጡ በክረምት ብርድ አልቦካ ሲል ላጤው ምድጃው ውስጥ ይከተውና አምፖሉን ብቻ አብርቶለት ያድራል። በማግስቱ ከሊጡ ጥቂት ቀንሶ፣ በውሃ በጥብጦ፣ እሳት ላይ እያማሰለ አብሲት ይጥላል። አብሲቱ ከቀጠነ እንጀራው ዓይን አያወጣም፤ ከወፈረ ደግሞ ቂጣ ይሆናል። እናት በስልክ ምስል እያዩ «አሁን በቃው» ካላሉ በቀር ልኩ አይታወቅም። ከአንድ ቡሆ የወጣው እንጀራ ለሳምንት ስለሚተርፍ በላስቲክ እየተጠቀለለ ማቀዝቀዣ ይገባል። ከሦስተኛው ቀን ወዲያ የሚበላው ሁሉ ፍርፍር ነው።

ወጥ የራሱ ጣጣ አለው። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ቀስ ብሎ ሲቁላላ ይቆይና በርበሬው በገባ በደቂቃ ውስጥ ጣሪያው ላይ ያለው የጭስ ጠቋሚ ይጮኻል። ላጤው በአንድ እጁ ያማስላል፣ ወንበር ላይ ቆሞ በሌላው ፎጣ ያራግባል፤ ጎረቤት በሩን ሲያንኳኳ ደግሞ ቤቱ እንዳልተቃጠለ ያስረዳል። ክክም አመል ለውጧል። 2,500 ሜትር ከፍታ ባለው ደጋ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ለባሕር ወለል በቀረበችው ዋሺንግተን ግን 100 ይደርሳል። በአገር ቤት ሰዓት የሚጣድ ክክ እዚህ ገንፎ ሆኖ ይወጣል።

ዶሮ ወጥ በወጉ 12 ብልት ነው። የሱቁ ዶሮ ግን ጭኑ ለብቻ፣ ደረቱ ለብቻ እየታሸገ ይሸጣል። 12 ጭን የደረደረ ላጤ ለማን ምን ብልት እንደሚሰጥ አይጨነቅም፤ ሁሉም የእሱ ነው። ሐሙስ ላይ የእሑዱን ወጥ ሲያሞቅ ግን ፊቱ ላይ የባለድግስ ደስታ አይታይም።

ላጤን የሚታደገው ጾም ነው። ከምግቦቻችን ሁሉ ለአንድ ሰው ልክ የሚሆነው ሽሮ ብቻ ነው፤ አንድ ኩባያ ውሃና ጥቂት ማንኪያ ዱቄት፣ አለቀ። አሜሪካ ውስጥ ሥጋና ወተት የማይነካ ሰው ቪጋን ተብሎ በአድናቆት ይጠየቃል፤ ጉንደ ወይን ላይ ረቡዕ ነው ተብሎ ይታለፋል። የሁዳዴ 55 ቀን እንዲያውም የወጪ ቅነሳ ነው።

ቡና ግን ለብቻ አይሆንም። ትንሿ ጀበና እንኳ ከአንድ ስኒ በላይ ትቀዳለች። አቦሉን፣ ቶናውንና በረካውን ብቻውን የጨረሰ ሰው ሌሊቱን ግድግዳ ሲቆጥር ያድራል። ጉርሻም እንደዚሁ፤ ራሱን አጉርሶ «በሞቴ» ያለ ሰው እስካሁን አልታየም።

አሁን የቀረው ከአገር ቤት የሚላከው ነው። መንገደኛ ከተገኘ፣ እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ የሆኑ ሁለት ሻንጣዎች ይፈቀዱለታልና የራሱን ልብስ ይቀንስ። ቅድሚያ የሚሰጠው ለኮሰረት ነው፤ የፈረንጅ ቅቤ ያለ እሱ ቢነጠር ዘይት ነው። ሽሮው የአተር ይሁን፣ ጓያ አይብዛበት። በርበሬው በሁለት ላስቲክ ይታሰር፣ ከነጭ ጋቢም ይራቅ።