መድን የሚወደው በሽታ

ጣና ዳር ደልጊ ተቀምጣችሁ ልጅ እምቢ ያላችሁ ባልና ሚስት፣ ምክሬን ስሙ። ከሁሉ በፊት ችግራችሁን ለጤና መድን እንዲመች አድርጉት። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካርዳችሁ ወባን ያውቃል፤ ታይፎይድንም ያውቃል። ቢቻላችሁ ከእነዚህ አንዱን ታመሙ።

የማህፀን ቱቦ መዘጋት በአብዛኛው በጊዜ ካልታከመ ኢንፌክሽን ይመጣል፤ ከጨብጥ ወይም ከክላሚዲያ። ገና ትኩስ ሳለ በመድኃኒት ይድናል፣ ለዚያ ጤና ጣቢያችሁ አለ። ክላሚዲያ ብዙ ጊዜ ምልክት የለውም፤ ስለዚህ የማታውቁትን ሕመም በጊዜ ይዛችሁ ቅረቡ። ቱቦው ከተዘጋ በኋላ ብትመጡ ጥፋቱ የእናንተ ነው።

እርግዝና መከላከል ብትፈልጉ መርፌውም በክንድ የሚቀበረውም በነፃ ነው። መውለዱም በነፃ ነው። መካከሏን ብቻ በራሳችሁ ተወጧት።

መምህር ከሆናችሁ በአርሶ አደሩ ካርድ አትቅኑ። ለደመወዝተኛው የታሰበው የማህበራዊ ጤና መድን ደንብ ቁጥር 271/2005 አይቪኤፍን (ዕንቁላልና ዘርን ከማህፀን ውጭ ማገናኘትን) ከመነጽርና ከሰው ሠራሽ ጥርስ ጋር ደርድሮ አልሸፍንም ብሏል። መድኑ ራሱ ለዓመታት ሳይጀመር ቆየ፤ የማይሸፍነው ግን አስቀድሞ ተለይቷል። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ደስ ይለኛል።

ባልየው አይመርመር። ከመካንነቱ ግማሽ ያህሉ ውስጥ የወንድ ድርሻ አለ፣ የዘር ፈሳሽ ምርመራም ከሁሉ ርካሹ ነው፤ ግን ወንድን ላቦራቶሪ ከመላክ ሚስትን ጠበል መላክ ይቀላል። እሷ ጠበል ሳለች አማቲቱ ሌላ ሙሽራ ለማጨት ጊዜ ያገኛሉ።

ይህን ሁሉ አልፋችሁ ከቆረጣችሁ፣ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2011 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የመንግሥት የአይቪኤፍ ማዕከል ከፍቷል፤ አዲስ አበባ። ስለዚህ እዚያ ዘመድ አብጁ፤ አክስት ብትሆን ይመረጣል፣ ጥያቄ የማታበዛ። የሆርሞን መርፌው ብቻ አሥር ቀን ገደማ ይወስዳል፣ በየመሃሉ አልትራሳውንድ አለ፤ ዕንቁላሉ ወጥቶ ከወንዱ ዘር ጋር ከተገናኘ በኋላም ጽንሱ ወደ ማህፀን እስኪገባ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ይጠበቃል። ካልያዘ እንደገና ነው። በሬ የምትሸጡ ከሆነ እርሻው ካለቀ በኋላ ይሁን፤ ሁለተኛውን ደግሞ ለሁለተኛው ሙከራ አቆዩት።

ሌላም መንገድ አለ። ከጎንደር ዙሪያ የወጡት ቤተ እስራኤሎች የገቡበት አገር እስከ ሁለት ልጅ ድረስ የአይቪኤፉን ወጪ በመንግሥት መድን ይሸፍናል፤ ሴቲቱ 45 ዓመት እስኪሞላት። እስቲ አያታችሁን ስለ ዘር ሐረጋችሁ ረጋ ብላችሁ ጠይቋቸው።