«ዲናሞው ተቃጥሏል» እስከ መቼ?

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የግቢያችን ቧንቧ ማፏጨት ይጀምራል። መጀመሪያ አየር ይተፋል፣ ቀጥሎ ቡናማ ውሃ፣ ቆይቶ ጠራ ያለው ይከተላል። ውሃ በፈረቃ የሚደርሰው የአዲስ አበባ ሰው ይህን ድምፅ እንቅልፍ ውስጥ ሆኖም ይለየዋል። ከለገዳዲ ይምጣ ከገፈርሳ፣ ወይም ከአቃቂ ጉድጓዶች፣ በዚያ ሰዓት ማንም አይጠይቅም። ምድር ላይ ያለው ሮቶ መሙላት አለበት፤ ጣሪያ ላይ ላለውም ሳይነጋ መድረስ አለበት። የመንገዱ ግፊት እስከ ላይ ስለማይወጣ የቤቱ ሰው ሁሉ ተስፋ የጣለው ግማሽ የፈረስ ጉልበት ባለው አንድ ፓምፕ ላይ ነው። ማብሪያውን ስንጫነው ግን አይዞርም። ያቃስታል። ጥቂት ቆይቶ የተቃጠለ ቫርኒሽ ይሸታል። የቀረውን ሌሊት የደረሰበት ያውቀዋል፤ ውሃ ግቢ ውስጥ ሞልቶ ሳለ ባልዲ ተሸክሞ ደረጃ መውጣት ነው።

ሲነጋ ጠጋኙ ይመጣል። «ጋሼ፣ ዲናሞው ተቃጥሏል፤ ሌላ ይግዙ» ይላል። ክዳኑን አልከፈተም፣ ቴስተር አልያዘም፣ እጁን እንኳ አላሳረፈበትም። ድምፁን ሰምቶ ፈረደ። በ4 ዓመት ውስጥ 3 ፓምፕ የገዛሁት በዚህ ፍርድ ነው። የሚያንገበግበኝ የወጣው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ከ3ቱ ቢያንስ አንዱ ደህና ሆኖ ሳለ ለቆራሌው እንደሸጥኩት ዘግይቼ ማወቄ ነው።

ያወቅሁት ባለፈው ክረምት ነው። ጡረታ የወጡ ኤሌክትሪሺያን ጎረቤቴ የፓምፑን ማቃሰት ከአጥር ወዲያ ሰምተው መጡ። «መጀመሪያ ሶኬቱን ንቀለው» አሉኝ። የኋላ ሽፋኑን በካቻቢቴ ፈቱና ማራገቢያውን በጣታቸው ገፋ አደረጉት። ቀለል ብሎ ዞረ። «አየህ ልጄ፣ አልተጣበቀም፤ ኩሽኔታውም ደህና ነው» አሉኝ። ከዚያ ከጎን ካለችው ሳጥን ካፓሲተሯን አወጡ። ላይዋ ላይ 10 ማይክሮፋራድ ተብሎ ተጽፏል፤ ሲለኳት 3 እንኳ አልሞላችም። አዲስ ካፓሲተር ገባ፣ ፓምፑም ተነሳ። ሥራው ሁሉ ግማሽ ሰዓት አልፈጀም።

የቤት ፓምፕ ባለ አንድ ፌዝ ሞተር ነው። አንድ ፌዝ ብቻውን ሞተሩን ከቆመበት ሊያስነሳው አይችልም፤ ለመነሻ የሚሆነውን ጉልበት የሚሰጠው በካፓሲተሯ በኩል ወደ ሁለተኛው ጥቅልል የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ነው። እሷ ስትደክም ሞተሩ መብራት ይስባል፣ ያቃስታል፣ ግን አይነሳም። እንዲሁ ከተተወ በእርግጥም ይቃጠላል። እንግዲህ መዳፍ ላይ የምትያዝ፣ ዋጋዋ ከአዲስ ፓምፕ ዋጋ ጋር ፈጽሞ የማይቀራረብ እቃ ናት ስንቱን ቤት አዲስ ፓምፕ ያስገዛችው። ውሃ ጠፍቶ ሁለት ሳምንት የቆመ ፓምፕ ደግሞ ውስጡ ዝጎ ሊጣበቅ ይችላል፤ እሱም ቢሆን እያቃሰተ አልነሳ ይላል፤ ብዙ ጊዜ የሚበቃው ዘንጉን በእጅ አዙሮ ማላቀቅ ነው። ጠጋኞቻችን ይህን የማያውቁ አይመስለኝም። አዲሱን ገዝቶ የሚያመጣውም የሚገጥመውም ያው ሰው ከሆነ ግን አሮጌውን ለመፈተሽ ማን ይቸኩላል?

መብራቱም አያግዘንም። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድና ምድጃ ሲሰካ፣ 220 መሆን የነበረበት ቮልቴጅ እኛ ግቢ እስከ 160 ሲወርድ በዓይኔ አይቻለሁ። የእንዲህ ያለ ሞተር የመነሻ ጉልበት ከቮልቴጁ ጋር እኩል አይወርድም፤ ከዚያ በፈጠነ መጠን ይወርዳል። 160 ቮልት ላይ የሚቀረው የጉልበቱ ግማሽ ያህል ብቻ ነው። ማታ አልነሳ ያለው ፓምፕ ሌሊት ሰው ሲተኛ የሚነሳበት ምክንያት ይኸው ነው። ቮልቴጅ ሳይለካ «ተበላሽቷል» የተባለው ስንቱ ይሆን?

ከሁሉ የሚከፋው ግን ያለ ውሃ መዞር ነው። በሞተሩና በውሃው መካከል ሲል የሚባል ነገር አለ፤ ሁለት ለስላሳ ገጾች፣ ብዙውን ጊዜ አንዱ ካርቦን ሌላው ሴራሚክ፣ እየተፋተጉ ውሃው ወደ ሞተሩ እንዳያልፍ ይዘጋሉ። የሚቀዘቅዙት በዚያው በሚገፋው ውሃ ነው። የታችኛው ሮቶ ባዶ ሆኖ ፓምፑ ሲዞር በደቂቃዎች ውስጥ ይግላሉ፣ ይሰነጠቃሉ። ከዚያ ከሥሩ ጠብ ጠብ ማለት ይጀምራል፤ እኛም ጎድጓዳ ሳህን ደቅነንበት ወራት እናሳልፋለን። ውሃው ኩሽኔታውን ያዝገዋል፣ ወደ ጥቅልሉ ይዘልቃል፤ ያኔ ዲናሞው የምር ይቃጠላል። ይህን ሁሉ የሚያስቀረው ታችኛው ሮቶ ውስጥ የሚንጠለጠል አንድ ፍሎት ነው፤ ውሃው ሲያልቅ መብራቱን ይቆርጣል። ገጣሚዎቻችን ግን ፍሎቱን ላይኛው ላይ ብቻ አድርገው ይሄዳሉ። ላይኛው ሞልቶ ቢፈስ የሚባክነው ውሃ ነው፤ ታችኛው ሲያልቅ የሚሞተው ፓምፑ ነው። የታችኛውን የጠየቀ ደንበኛ ለምን እንደ ነዝናዛ እንደሚታይ አይገባኝም።

ሻጮችም አሉ። ካርቶኑ ላይ «8 ሜትር ይስባል» ተብሎ ታትሟል። ይህ ለባሕር ዳርቻ አገር የተጻፈ ነው። ፓምፕ ውሃን ከታች የሚያመጣው የአየር ግፊት ስለሚያግዘው ነው፤ በባሕር ወለል ላይ ያ ግፊት ቢበዛ 10 ሜትር ያህል ውሃ ያቆማል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች እዚህ የሚያቆመው ከ8 ሜትር በታች ነው፤ ያውም ቧንቧው የሚበላው ሳይቀነስ። ዳር ሰፈር ጉድጓድ አስቆፍሮ፣ ካርቶኑን አምኖ ፓምፑን አፋፍ ላይ ያስቀመጠ ዘመድ አለኝ። ውሃ አልወጣም። ሁለት ጊዜ ፉት ቫልቭ አስቀየሩት፣ ሦስት ጊዜ በቴፍሎን አስጠቀለሉት። ፓምፑም ቫልቩም ምንም አልነበረባቸውም፤ ጉድጓዱ ለዚያ ዓይነት ፓምፕ ጥልቅ ነበር። ሻጩ «ጥልቀቱ ስንት ነው?» ብሎ አንድ ጊዜ ቢጠይቀው ያ ሁሉ ወጪ በቀረ።

አንድ ነገር ደግሞ ለራሳችን ለነዋሪዎቹ መናገር አለብኝ። ፓምፑን ከመንገዱ መስመር ጋር በቀጥታ አገናኝተው የሚስቡ አሉ። ውሃው ቀጭን ሆኖ ሲመጣ ሰው ቢጨነቅ አይፈረድበትም፤ እኔም ተፈትኛለሁ። ነገር ግን አንዱ በሳበ ቁጥር የሌላው ቧንቧ ይደርቃል። መስመሩም ባዶ ሆኖ ሲሳብ በየስንጥቁ ከውጭ ያለውን ቆሻሻ ወደ ውስጥ ይጎትታል፤ ያ ውሃ የሁላችንም ልጆች የሚጠጡት ነው። መጀመሪያ ሮቶው በራሱ ይሙላ፣ ፓምፑ ከሮቶው ይሳብ።

ውሃ ማጠራቀም፣ መግፋት፣ መጠገን ሁሉ በየቤታችን ትከሻ ላይ ወድቋል። ደክሞናል። እናንተ የፓምፕ ጠጋኝ ወንድሞቼ፣ እጃችሁን የምንጠብቀው ሌሊቱን ባልዲ ስንሸከም አድረን ነው። «ተቃጥሏል» ከማለታችሁ በፊት ሶኬቱን ንቀሉ፣ ማራገቢያውን በጣታችሁ አዙሩ፣ ካፓሲተሯን ለኩ፣ ቮልቴጁን እዩ። ያኔም ተቃጥሎ ከተገኘ አሳዩንና እንገዛለን።