መሃል ሰፋሪ ተባልኩ

ዘንድሮ ስድቡም ታሪኩን የማያውቅ ሆኗል። በቀደም በዕድራችን ስብሰባ ላይ፣ ወርሃዊ መዋጮው እጥፍ ይሁን የሚሉትና አምስት ሳንቲም አንጨምርም የሚሉት ሊተናነቁ ሲደርሱ ተነሣሁና «ልጆቼ፣ ጥቂት እንጨምር፣ ጡረተኛውን ግን አናስጨንቅ» አልኩ። ከኋላ አንዱ ጢሙ በቅጡ ያልበቀለ ልጅ «አባባ ደግሞ መሃል ሰፋሪ ናቸው!» ብሎ አሳቀብኝ። «ናቸው» ማለቱን ልብ በሉልኝ፤ እየሰደበኝም አንቱታውን አልረሳም። አሳዳጊው ይመስገን።

ግን መሃል ሰፋሪ! ይኼ ልጅ ምን እንዳለኝ ቢያውቅ ኖሮ ከወንበሩ ተነሥቶ እጅ ይነሣኝ ነበር።

በነገሥታቱ ዘመን የጦር ሰፈር እንደ ዕድር ድንኳን ባዶ ቦታ በተገኘበት አይተከልም። ፊታውራሪው ከፊት፣ ቀኛዝማቹ በቀኝ፣ ግራዝማቹ በግራ፣ ደጀኑ ከኋላ ይሰፍራል። ማዕረጎቹም ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ ነው። ከመሃል የንጉሡ ድንኳን አለ። በዚያ ድንኳን ዙሪያ የሚሰፍረው የቤተ መንግሥቱ የራሱ ጦር ነው እንግዲህ መሃል ሰፋሪ የሚባለው። ሰውዬው መሃል የተገኘው ወዴት እንደሚሄድ ጠፍቶት አይደለም፤ ንጉሡ እዚያ ስላለ ነው! ጠመንጃ አለው፣ ከግቢ የሚሰፈርለት ቀለብ አለው፣ ቀና ብሎ የሚያየውም ጥቂት ነው።

ወላዋይ ነበሩ የሚል ካለ 1910 ዓ.ም. ምን እንደ ሆነ ይጠይቅ። ንግሥት ዘውዲቱ በዙፋኑ፣ ራስ ተፈሪ በአልጋ ወራሽነቱ ተቀምጠው ሳለ፣ መሃል ሰፋሪዎቹ ተሰብስበው አደሙና «ሚኒስትሮቹ ይሻሩልን» አሉ። ሚኒስትሮቹም ተሻሩ! ከዚያ ማዕበል የተረፉት የጦር ሚኒስትሩ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ናቸው። እኔ እንኳን ሚኒስትር ላሽር፣ በዕድሩ ስብሰባ ላይ ሻይ አስደግሜ አላውቅም።

ታዲያ እንዲህ ያለው ስም ማን አዋረደው? ያዋረደውማ አብዮቱ ነው። ከ1966 ወዲህ ቀኝና ግራ የድንኳን መትከያ መሆናቸው ቀርቶ የሰው መፈረጃ ሆኑ። አንዱ አድኃሪ ነው፣ አንዱ አናርኪስት፣ አንዱ ቀኝ መንገደኛ። ዝም ያለውስ? ጎራ ሳይለይ፣ አጃቢ ሳይሆን፣ ልጆቹን ለማሳደግ ላይ ታች የሚለው? እሱ መሃል ሰፋሪ ተባለ። በ1969 እና በ1970 እንዲህ መባል የሚያስቅ ነገር አልነበረም፤ እዚህ ላይ አልቀልድም። የዛሬው ልጅ ግን ስድቡን ሲወርስ ፍርሃቱንም ጠመንጃውንም ትቶ ነው የወረሰው።

«ሰፈረ» የሚለው ግሥ ራሱ ስንት ነገር እንደ ተሸከመ ማን ይንገራቸው? ጦር ይሰፍራል። ጦሩ ሰፍሮ ሲቀር ሰፈር ይሆናል። አዲስ አበባ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ሙሉጌታ ሰፈር የምትለው ስሟን ከመኳንንቱ ድንኳን አግኝታ ነው። እህልም ይሰፈራል። ቁናው መስፈሪያ ነው፤ ሳይጎድል፣ ሳይፈስ፣ አፉ ድረስ። በኔ ቤት እንግዲህ መሃል ሰፋሪ ማለት መሃሉን አይቶ የሚሰፍር ነው። የቋንቋ ሊቅ ይከሰኝ ከፈለገ፤ አድራሻዬን ዕድሩ ያውቀዋል።

የቀሩትም ቃላት ደህና አይደሉም። «መጠነኛ» ድሮ የተመጠነ ነገር ነበር፣ ባለቤቴ ሽሮ ስትመጥን ቅመሙ እንዳይበዛ እንዳያንስ እንደምትጠነቀቀው። አሁን ሬዲዮኑ «መጠነኛ የዋጋ ጭማሪ ተደረገ» ባለ ቁጥር ኪሴን እዳብሳለሁ። በጭማሪ ፊት የቆመ «መጠነኛ» ሰምቼ በሰላም አድሬ አላውቅም። «ለዘብተኛ» ደግሞ ፖለቲካ የሚያወሩት ሰዎች ያመጡብን ነው። ለዘብ ያለ ገንፎ አውቃለሁ፤ ለዘብ ያለ ሰው ሲሉኝ ግን በማንኪያ ሊቆርሱኝ የመጡ ይመስለኛል።

ይሄ ሁሉ ከደጅ ቢቀር ደግ ነበር፣ ቤቴም ገብቷል። ቅዳሜ ማታ ኳስ ሲኖር ልጄ ማንቸስተር ነው፣ የልጅ ልጄ አርሰናል። ሶፋው ላይ መሃል ያስቀምጡኛል። አንዱ በቀኝ ጆሮዬ ይጮኻል፣ አንዱ በግራ። «አባባ የማን ነዎት?» ይለኛል ትንሹ። «ደህና የተጫወተ ያሸንፍ» ስለው እንደ ሽማግሌ ተቆጥቶ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም!» ብሎ ተረተብኝ። ተረቱን ያስተማርኩት እኔ፣ የሚተረትብኝም እሱ!

አንተ ልጅ፣ እኔ መቼ ዛፍ ልውጣ አልኩ? በዚህ ጉልበቴ? ቁጭ ብዬ ነው። ደግሞ አትጩህብኝ፣ ዜና ሰዓት ደርሷል፤ ሪሞቱም እኔ እጅ ነው።