ደብተር አድራሹ

ነገሩ የተጠነሰሰው ቡናው ሁለተኛ ላይ ሲደርስ ነው። ጊዜው የ2015 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ፣ አሶሳ ዝናብ ሲወርድባት የዋለችበት ቀን። «የጾሬዎቹ ልጆች ምን እየበሉ ነው?» አሉ ጎረቤታችን እትዬ፣ ረከቦቱን ወደ ጎን ገፋ አድርገው። የዓለም የምግብ ፕሮግራም፣ የእርዳታ እህል ወደ ገበያ እየወጣ ነው ተብሎ፣ በመላ አገሪቱ ለስደተኞች የሚሰጠውን ምግብ ክረምቱ ሲገባ አቁሞ ነበር፤ የቀጠለው በ2016 መስከረም መጨረሻ ነው። ሌባ ይያዝ፣ ማን ይጠላል! ግን ሌባው እስኪጣራ የሕፃን ድስት መደፋቱ ዛሬም ያንገበግበኛል። ጾሬ ከ2007 ጀምሮ ከሱዳን ብሉ ናይል የሸሹ ቤተሰቦች የተጠለሉበት ካምፕ ነው። በዚያ ላይ ሚያዝያ 2015 ሱዳን ዳግም በጦርነት ስትታመስ በኩርሙክ በኩል ሌሎችም እየገቡ ነበር።

እትዬ በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ በሰፈራ ሲመጡ ልጅ ነበሩ። እህል ማጣት ምን እንደሆነ ነጋሪ አያሻቸውም። መቀነታቸውን ፈትተው ያቺን የታጠፈች ብር ሲያስቀምጡ ሌላው ዝም ብሎ መቀመጥ አቃተው። እድሩ ሰማ፣ መስጊዱ ሰማ፣ የሰንበቴ ማኅበሩም ሰማ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና የማሽላ ዱቄቱ ተጠራቅሞ በአይሱዙ ተጫነ። አይሱዙው ከሄደ በኋላ ለካምፑ ተማሪዎች የተሰበሰበው ደብተር እትዬ ጓዳ ቀርቶ ተገኘ። «እኔ አደርሳለሁ» ያልኩት እንግዲህ እኔ ነኝ።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ በዚያ ጭቃ የተገኘው አንድ ሞተር ብቻ ነበር። ደብተሩን ከኋላዬ በገመድ ጠፈርነው። መንገዱን አላወራችሁም፤ ጅረቷን ግን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ሞተረኛው ጎበዝ ነው፣ እግሩን አንስቶ ጋዝ ሰጠ፤ ሞተሩ ተሻገረ፣ እሱም ተሻገረ፤ እኔና ደብተሩ ቀረን። ቀይ ጭቃ ጆሮዬ ውስጥ ሳይቀር ገባ። ካምፑ ስደርስ የከበቡኝ ሕፃናት መጀመሪያ ያዩት ደብተሩን አልነበረም።

አንዲት እናት እጄን ይዛ «ተፈደል» እያለች ወደ ጎጆዋ አስገባችኝ። የባሏን ጀላቢያ አውጥታ ሰጠችኝ፤ ረጅም ሰው ኖሯል፣ ጀላቢያው እኔን ለብሶኝ መሬት ይጠርግ ነበር። የራሰውን ደብተር ለካምፑ ሴቶች አከፋፈለችና አንድ የከሰል ካውያ አመጡ። ቅጠሉን ገለጥ፣ ነጠላ ጣል፣ ካውያውን በስሱ። እንፋሎቱ ቡፍ ሲል ቀጣዩን ቅጠል። አንዷ ስትደክም ሌላዋ ትቀበላታለች። ዳሩ ተሸብሽቦ ቀርቷል፣ መሐሉ ግን ይጻፍበታል። ለራሷ ልጆች ምሳ ያልተረፋት ሴት ለእኔ ዝንጅብል የገባበት ቡና አፈላችልኝ። እምቢ ብል ታዝንብኛለች፤ ብጠጣ ከጉሮሮዬ አይወርድም። ጠጣሁት።

ልብሴ ስላልደረቀ በጀላቢያው ወደ አሶሳ ተመለስኩ። ሰፈሩ ሁሉ በር ላይ ወጥቶ ተቀበለኝ። እትዬ ከላይ እስከ ታች አዩኝና ጠየቁ፤

«የማነው?»

«የአንዲት እናት ባል፣ እትዬ። አጥቤ እመልስላቸዋለሁ።»

«አብሽር ልጄ፣ ትመልሳለህ። የሰው ልብስ ባዶ ኪሱን ይሄዳል እንዴ ታዲያ?» አሉና ወደ እድሩ ሰብሳቢ ቤት ልጅ ላኩ።