የጭራቅ ፍትሐ ነገሥት

የእህቴ ልጅና ጓደኛው ሲሟገቱ ከደጅ የሰማ ሰው የድንበር ክርክር ነው ብሎ ያልፋል። አንደኛው ከሶፋው ተነስቶ ቆሟል። ሌላው ስልኩን እንደ ሰነድ ማስረጃ ወደ ላይ ይዞ «ይኸው! ራስህ እየው!» ይላል። እህቴ አቦሉን ከቀዳች ቆይታለች፤ የሁለቱም ሲኒ ቀዝቅዟል። ነገሩ ወደ ድብድብ ሳይሄድ ልገላግል ብዬ ጠጋ አልኩና ጉዳዩን ጠየቅሁ። ጉዳዩ የጭራቅ ራስ ኖሯል። ለስላሳ ነው ወይስ ሸንተረር አለው?

ጭራቁ የ«ኤሊየን» ፊልሙ ነው። ሪድሊ ስኮት እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጣው፣ ሰባት ሠራተኞችንና አንድ ድመት የያዘች የጭነት መርከብ ጠፈር ላይ በአንድ አውሬ የምትታመስበት ፊልም። የአውሬውን መልክ የፈጠረው ስዊዘርላንዳዊው ሠዓሊ ጊገር ነው፤ በ1976 ከሣላቸው ሥዕሎቹ በአንዱ ላይ ያ ወደ ኋላ የተለጠጠ ረጅም ራስ አስቀድሞ ነበረ። በመጀመሪያው ፊልም ራሱ ብርሃን በሚያሳልፍ ልሙጥ ክዳን ተሸፍኗል። ከሰባት ዓመት በኋላ ጄምስ ካሜሮን ተከታዩን ሲሠራ ክዳኑን አነሳው፤ ከሥሩ ያለው ሸንተረር ገጦ ወጣ። ወገን የተለየው እዚህ ላይ ነው።

«ጋሼ፣ ወጣቱ ልሙጥ ነው፤ ዕድሜው ሲገፋ ክዳኑ ይረግፍለታል» አለኝ የእህቴ ልጅ።

«ስሕተት!» አለ ጓደኛው። «ልሙጡ ሠራተኛ ነው፤ ሸንተረራሙ ወታደር። እንደ ምስጥ በለው።»

«ካሜሮን ያለ ክዳን ያምራል ብሎ ቢሆንስ?» አልኩ። ሁለቱም ቅኔ ማኅሌት ውስጥ ያፏጨሁ ይመስል ዞረው አዩኝ።

ድሮ «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ የሚሟገቱ ሰዎች ማርና በቅሎ ያስይዙ ነበር። እነዚህ በቅሎ የላቸውም፤ ያስያዙት የወሩን የኢንተርኔት ፓኬጅ ነው። ሥርዓቱ ግን ያው ነው። አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል፣ ሁለቱም ያላዩትን ምስክር ይጠራሉ፣ ዳኛው ይንቀላፋል። ዳኛው እኔ ነኝ።

ሁለተኛው መዝገብ የተከፈተው ቶናው ሲጣድ ነው፤ የእንቁላሉ ጉዳይ። ካሜሮን በ1986 ግዙፍ ንግሥት አምጥቶ እንቁላሉን የምትጥለው እሷ ናት አለ። ይኼ እንዳይነካ ሆኖ ተደነገገ። ችግሩ ሪድሊ ስኮት ቀድሞ ሌላ ነገር ቀርጾ ነበር። አውሬው የያዛቸውን ሰዎች ግድግዳ ላይ ይለጥፋል፤ አንደኛው ሠራተኛ ቀስ በቀስ ራሱ ወደ እንቁላልነት ይለወጣል። ትዕይንቱ የመጨረሻውን ሩጫ ያዘገያል ተብሎ በ1979 ተቆርጦ ወጣ። በ2003 ግን ዳይሬክተሩ ፊልሙን እንደገና ሲያወጣ መልሶ አስገባው። እንግዲህ እንቁላል የሚጣል ነው ወይስ ሰው የሚሆነው? የእህቴ ልጅ «የተቆረጠ አይቆጠርም» ባይ ነው። ጓደኛው «መልሶ ያስገባው ራሱ ባለቤቱ ነው» ባይ ነው። ይግባኝ ቢሉ የሚሰማቸው ችሎት የለም፤ ሁለቱም ዳይሬክተሮች ገንዘባቸውን ተቀብለው ወደ ሌላ ሥራ ሄደዋል።

በጣም የገረመኝ ግን ሦስተኛው ፊልም ነው። የ1992ቱ። ፊልሙ ሲከፈት ጀግናዋ ሪፕሊ በተኛችበት መርከብ ውስጥ አንድ እንቁላል አለ። ከየት መጣ? ሁለተኛው ፊልም ሲያልቅ ንግሥቲቱ ወደ ጠፈር ተወርውራለች፤ እንቁላል መጣያዋን ደግሞ ከዚያ በፊት በጥሳ ጥላው መጥታለች። የአራቱ ጉባኤ መምህራን ቢሰበሰቡ እነዚህ ሁለት ልጆች የሰጡትን ያህል አንድምታ አይሰጡም። አንድም፣ ንግሥቲቱ በመርከቧ ሆድ ተሸሽጋ ስትመጣ በእጇ ይዛው ነበር። አንድም፣ ሮቦቱ ቢሾፕ ደብቆ አስገብቶታል። አንድም፣ ያ እንቁላል ከሌላው የተለየ፣ ለክፉ ቀን የተቀመጠ ነው። በዚህ ሁሉ መካከል «ስክሪፕቱ ሳያልቅ ነው ቀረጻ የተጀመረው» የሚል አንድ አንድም ቢጨመር ምን ነበረበት? እውነቱ እሱ ነውና አልተጨመረም።

እህቴ እስከዚህ ድረስ ዝም ብላ ጀበናዋን ታገላብጣለች። በመጨረሻ ቀና አለችና፣

«እኔ የምለው፣ ይኼ አውሬ ከሰውዬው ደረት ሲወጣ ስንት ያክላል?» አለች።

«ክንድ ቢያክል ነው፣ እማዬ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ በሰዓታት ውስጥ ከሁለት ሜትር በላይ ይሆናል።»

«ምን በልቶ?»

ፀጥ አሉ። እህቴ ጓሮ ውስጥ ዶሮ ታረባለች። አንዲት ጫጩት እንቁላል ጣይ እስክትሆን በአምስት ወር ስንት ኪሎ መኖ እንደምትጨርስ ታውቃለች፤ የመኖውንም ዋጋ ታውቃለች። ፊልሙ ውስጥ ግን አውሬው በመካከሉ አንዲት ቁራሽ ሲጎርስ አይታይም።

«እማዬ ደግሞ፣ ይኼ እኮ ልብ ወለድ ነው!» አለ የእህቴ ልጅ።

እህቴ ቶናውን ቀዳች። እኔ ብቻዬን ሳቅሁ። ትንኙን በነጠላ አጥልለው ግመሉን ከነጭነቱ ሲውጡ በዓይኔ አየሁ።

ለነገሩ ሕጎቹ እንዴት እንደተደነገጉ ቢያውቁ ይህን ያህል አይሟገቱም ብዬ ነበር። የአውሬው ደም አሲድ ነው፤ ጠብ ባለበት የመርከቧን ወለል አንድ በአንድ እየበሳ ይወርዳል። ስለዚህ ደም ኬሚስትሪ ሲተነትኑ የሚያድሩ ሰዎች አሉ። ሐሳቡን ያመጣው የፊልሙ ነዳፊ ሮን ኮብ ሲሆን ምክንያቱም ቀላል ነበር፤ «ለምን ዝም ብለው አይተኩሱበትም?» የሚል ተመልካች እንዳይኖር። ቢተኩሱ መርከባቸው ይበሳል፤ አለቀ። የታሪክ ቀዳዳ በአሲድ ተደፈነ። ይህን ስነግራቸው ጓደኛው ትንሽ አሰበና «አሲዱ ግን አየር ሲነካው ኃይሉ ይቀንሳል አይደል?» አለኝ።

ስሙም እንደዚያው ነው። «ኤሊየን» ብለህ ብትጠራው «ዜኖሞርፍ ነው የሚባለው» ብለው ያርሙሃል። ቃሉ በሁለተኛው ፊልም አንድ ልምድ የሌለው መቶ አለቃ ወታደሮቹን ሲያስረዳ የተናገረው ነው። ትርጉሙም «እንግዳ ቅርጽ ያለው» እንደማለት ነው፤ ምን እንደሆነ አላውቅም ማለቱ ነበር። አላዋቂነቱ የአውሬው መጠሪያ ሆኖ ቀረ።

እኔ በዚህ ሁሉ ገለልተኛ የነበርኩ እንዳይመስላችሁ። በረካው ሲቀርብ የውሻውና የበሬው ጉዳይ ተነሳ። በሦስተኛው ፊልም አውሬው ሲኒማ ቤት በታየው ቅጂ የሚወጣው ከውሻ ነው፤ በኋላ በ2003 በወጣው ረዘም ያለ ቅጂ ደግሞ ከበሬ። ሁለቱ ልጆች ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማምተው ውሻ አሉ፤ አውሬው በአራት እግሩ የሚፈተለከው ውሻነቱ ስላለበት ነው፣ በሬ እንዲህ አይሮጥም አሉ። እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። «እናንተ የከተማ ልጆች! በሬ ደንብሮ አይታችሁ ታውቃላችሁ?» ብዬ ተነሳሁ። ጣቴን ቀስሬ ስለ አያቴ ቦራ በሬ ሳስረዳ እህቴ በነጠላዋ አፏን ሸፍና አየኋት። ሲኒዬን ብነካው ቀዝቅዟል።

አፍሬ ተቀመጥኩና ወሬውን ለመቀየር ያህል አንድ ነገር ነገርኳቸው። ያን ልሙጥ ራስ የተሸከመ ሰው ነበረ፤ ቦላጂ ባዴጆ ይባላል። ናይጄሪያዊ ነው፤ ቁመቱ ከሁለት ሜትር የሚዘል ቀጭን ወጣት። ለንደን ውስጥ ግራፊክስ ሲማር ነው መጠጥ ቤት ውስጥ በቁመቱ ታይቶ የተመለመለው። ለሥራው ሲል ታይቺና በምልክት ብቻ መተወንን ተማረ። ከላስቲክ በተሠራው ልብስ ውስጥ ጅራቱ ስለማያስቀምጠው በቀረጻ መሀል የሚያርፍበት ዥዋዥዌ መሳይ መቀመጫ ሠርተውለት ነበር። ወደ ለንደን ከመሻገሩ በፊት ደግሞ እዚሁ እኛ አገር፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ኖሮ ሥነ ጥበብ ተምሯል።

«እዚህ?» አለ የእህቴ ልጅ። የመጀመሪያው ማስረጃ ያልቀረበበት ጥያቄው ነበር።

«ስለ ክዳኑ ግን ምን አለ?» አለ ጓደኛው።

ስለ ክዳኑ የሚጠየቅ የለም። ባዴጆ ከዚያ በኋላ ሌላ ፊልም አልሠራም፤ ሦስተኛው ፊልም በወጣበት በዚያው በ1992፣ በ39 ዓመቱ አረፈ።