አለቃዬ፣ ላቡ መውጫ ይፈልጋል

መጋቢት ገብቶ የአዳማ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ሰው ሁሉ ወደ ጥላ ይሸሻል። ሲሚንቶ የሚያራግፈው፣ ኮብልስቶን የሚያነጥፈውና ብረት የሚበይደው ግን ቱታውን እንደለበሰ እዚያው ነው። የእሱ ነገር ሲነሳ ከአለቆች አፍ የማይጠፉ ሰበቦች አሉ። ዛሬ ለእያንዳንዳቸው መልስ ይዣለሁ።

«የአዳማ ሰው ሙቀት ለምዷል፤ ምን ይሆናል?»

የለመደው ይልመድ፤ ትናንት ከአርሲ ደጋ የወረደውስ? ሰውነት ከሙቀት ጋር ለመስማማት ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። አዲስ ገቢውን በመጀመሪያው ቀን ከነባሩ እኩል ጆንያ ማሸከም በሕይወቱ መቀለድ ነው። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም የሚመክረው ለአዲስ ሠራተኛ በመጀመሪያው ቀን የሥራውን አንድ አምስተኛ ብቻ መስጠትና በየቀኑ አንድ አምስተኛ እየጨመሩ መሄድ ነው። ካቦው ይህን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልገውም፤ «መቼ መጣህ?» ብሎ መጠየቅ ይበቃዋል።

«ቱታ ሰጥተናል፤ ከዚህ በላይ ምን እናድርግ?»

ቱታውን የሰጣችሁት ለፎቶ ነው ወይስ ለሰው? ከቀትር በኋላ መጋዘን በር ላይ ሲሚንቶ የሚያወርደውን ሰው ጀርባ እዩት። ጥቁር ሰማያዊው ቴትረን ላይ ላቡ ደርቆ ነጭ የጨው መስመር አስምሯል፤ በመስመሩ ላይ ሌላ መስመር ተደርቧል። አንገትጌው ሥር የገባው ሲሚንቶ በላብ ርሶ ቆዳውን እየላጠው ነው። ሰው የሚቀዘቅዘው ላቡ ሲተን ነው፤ አየር የማያስገባ ጨርቅ ግን እንደ ድስት ክዳን እንፋሎቱን መልሶ ሰውየው ላይ ያፈሰዋል። ሰፋ ያለ፣ ፈካ ያለ ቀለም ያለው፣ ጥጥ የበዛበት ቱታም እኮ ቱታ ነው።

«ከሞቀው ያውልቀው፤ ማን ከለከለው?»

ሥራው ከለከለው! በያጁ ቢያወልቅ ፍንጣሪው ደረቱን ያቃጥለዋል። ወንጂና መተሐራ ላይ አገዳ የሚቆርጠው ቢያወልቅ ጥላሸቱ፣ የአገዳው ቅጠልና የገጀራው ስለት ይጠብቁታል። ባቱ ላይ በአበባ እርሻ ፕላስቲክ ቤት ውስጥ መድኃኒት የሚረጨው ቢያወልቅ መርዙ በቆዳው ይገባል። እነዚህ ሰዎች ልብሱ ያስፈልጋቸዋል፤ ሙቀቱም ያሰጋቸዋል። ከሁለቱ አንዱን ምረጡ አይባሉም። መድኃኒቱ ፀሐይ ሳትበረታ በማለዳ ይረጭ፣ ረጪው ቶሎ ቶሎ ይቀየር፣ ከዚያም ከላስቲኩ ወጥቶ ይናፈስ። መፍትሔው ያለው ከኃላፊው እጅ፣ ከፈረቃው ሰሌዳ ላይ ነው።

«ውሃ ጠጣ፣ ዕረፍ ስንል ሥራው መቼ ሊያልቅ ነው?»

ሰውየው ካለቀ ሥራውን ማን ሊጨርሰው ነው? በኒካራጓና በኤልሳልቫዶር ብዙ አገዳ ቆራጮች ገና በወጣትነታቸው ኩላሊታቸው ተበላሽቶ ሞተዋል፤ ተመራማሪዎች ከዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ አድርገው የሚያነሡት በሙቀት ውስጥ በቂ ውሃና ዕረፍት ሳያገኙ መልፋትን ነው። እዚያ የተጀመረው መከላከያ ሦስት ነገር ነው፦ ውሃ፣ ዕረፍት፣ ጥላ። መተሐራ ከባሕር ጠለል በላይ 950 ሜትር ገደማ ላይ ያለች የአገዳ አገር ናት፤ ይህን ትምህርት የሰው ኩላሊት ሳትከፍል መውሰድ ትችላለች። በከባድ ሙቀት የሚሠራ ሰው በየ15 እስከ 20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ ውሃ መጠጣት አለበት። ጀሪካኑ ቢሮ ውስጥ ተቆልፎበት አይደለም፤ እጁ የሚደርስበት ቦታ ተቀምጦለት። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት በ2025 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሪፖርት በሥራ ቦታ የሚለካው የሙቀት መጠን ከ20 ዲግሪ ካለፈ በኋላ በእያንዳንዱ ዲግሪ ምርታማነት ከ2 እስከ 3 በመቶ ይወርዳል ብለዋል። ስለዚህ አለቃዬ፣ የከለከሉት ዕረፍት ከኪስዎ ነው የወጣው።

«ሕጉ የት ላይ ሙቀት ይላል?»

ሕጉ ጤና ይላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት እንዲጠብቅ፣ የአደጋ መከላከያ መሣሪያና ልብስ እንዲያቀርብ፣ አጠቃቀሙንም እንዲያስረዳ ያስገድዳል። ጤና የሚጎዳ ልብስ የአደጋ መከላከያ ሊባል አይችልም። ኳታር እንኳ፣ ስሟ በሠራተኛ አያያዝ ስንት ጊዜ የተነሣው ኳታር፣ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በበጋዋ ወራት ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ፀሐይ ላይ መሥራትን ከልክላለች። ዶሃ ላይ ለሚሠራ ኢትዮጵያዊ የተፈቀደ ጥላ አዳማ ላይ ለሚሠራው ወንድሙ ሊነፈገው አይገባም።

«ወጪው አይቻልም!»

ሰዓት መቀየር ስንት ብር ነው? ከባዱን ሥራ በአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ከአምስት ሰዓት በፊት መጨረስ ገንዘብ አይጠይቅም። አንድ ሸራ ወጥሮ ጥላ መሥራት የአንድ ቀን የነዳጅ ወጪ አይሆንም። ጨርቁ ነው የቸገረው እንዳይሉኝ ደግሞ፣ አዳማ በ2011 ዓ.ም. የተመረቀ፣ ልብስ እየሰፋ ውጭ አገር የሚልክ የኢንዱስትሪ ፓርክ ያላት ከተማ ናት። ለባዕድ የሚሰፋ እጅ ለራሱ ወንድም መስፋት አያቅተውም።

«ትናንት አንዱ ሲንገዳገድ ወደቀ፤ ጠጥቶ መጥቶ ነው።»

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። በሙቀት የተመታ ሰው ይንገዳገዳል፣ ንግግሩ ይደበላለቃል፣ የሚያደርገውን አያውቅም፤ ሰውነቱ እንደ እሳት ይፋጃል። ሰክሯል ብሎ ጥግ ማስተኛት መግደል ነው። ምች ነው ብሎ ዳማከሴ ፍለጋ መሄድም ጊዜ ማባከን ነው። ወደ ጥላ ውሰዱት፣ ቱታውን አውልቁለት፣ ሰውነቱን በቀዝቃዛ ውሃ አርሱት፣ አራግቡለት፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ሆስፒታል አድርሱት። ራሱን ከሳተ በአፉ ውሃ አታፍስሱበት። ይህን ፎርማኑም ጥበቃውም ማወቅ አለባቸው፤ ሐኪም ዘንድ እስኪደርስ ድረስ ያለው ደቂቃ በእነሱ እጅ ነውና።

«እሺ፣ ከየት እንጀምር?»

ይኼ ሰበብ አይደለም፤ ደግ ጥያቄ ነው። የሚቀጥለውን የደንብ ልብስ ጨረታ ከመፈረምዎ በፊት ናሙናውን እርስዎ ይልበሱት። በሰባት ሰዓት ፀሐይ ወጥተው አንድ ሰዓት ሙሉ አካፋ ይዘው ይሥሩበት። የቻሉትን ልብስ ይግዙ፤ ያልቻሉትን ለማንም አያልብሱ።