«ቲቸር፣ ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ይንገሩን»

ሰኔ ሲቃረብ ከ12ኛ ክፍል የሶሻል ተማሪዎች አፍ የማይጠፋ ልመና አለ፦ «ቲቸር፣ ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ይንገሩን፤ እኛ እንቸክለዋለን።» መልሴ ሁሌም አንድ ነው። ዓመተ ምሕረት ብቻ የያዘ ተማሪ፣ ስልክ ቁጥር መዝግቦ የማን እንደሆነ የጠፋበት ሰው ነው።

«ታሪክ እኮ ሽምደዳ ነው፣ ቲቸር!»

ነው? እንግዲያው ከሸመደድከው አንዱን ልጠይቅህ። 1868 ምን ሆነ?

«መቅደላ! ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን የሠዉበት!»

በማን አቆጣጠር?

ዝም። መማሪያ መጽሐፋችሁ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚጽፈው፤ በዚያ 1868 መቅደላ ነው፣ ልክ ነህ። በእኛ 1868 ግን ጉንደትና ጉራ ናቸው። ዐፄ ዮሐንስ በአንድ ዓመት ውስጥ የግብፅን ጦር ሁለት ጊዜ ሰበሩ፤ በኅዳር ጉንደት ላይ፣ በየካቲት መጨረሻ ጉራ ላይ። ቁጥሩ አንድ ነው። አንደኛው 1868 ንጉሠ ነገሥቱን ያጣንበት፣ ሌላው ወራሪ የመለስንበት። በቁጥር ብቻ ይዘኸው ብትገባ የትኛውን ልታጠቁር ነው?

«አንድ አጋጣሚ ነው።»

አንድ ከሆነማ እሰየው። 1888ን ንገረኝ።

«አድዋ! ይቺን ማን ያጣታል!»

በእኛ፣ አዎ፤ የካቲት 23 ቀን 1888። የመጽሐፉ 1888 ግን ክፉ ቀን የገባበት ነው። ጣሊያን በምጽዋ በኩል ካስገባው ከብት ጋር የደስታ በሽታ ገብቶ የገበሬውን በሬ ጨረሰው፤ በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ እርሻ ሲቆም ሰው አለቀ። 1889ስ? በፈረንጅ የውጫሌ ውል የተፈረመበት ነው። በእኛ 1889 ደግሞ የአዲስ አበባ ውል ተፈርሞ ውጫሌ የተሻረበት ነው። ያው ቁጥር ውሉን ሲፈርምም ሲሽርም ታገኘዋለህ። 1928ን ልጨምርልህ፦ በፈረንጅ ጣሊያን ከእኛ ጋር የ20 ዓመት የወዳጅነት ውል የተፈራረመችበት፤ በእኛ ደግሞ በማይጨው በመርዝ ጋዝና በአውሮፕላን የመጣችብን ዓመት።

ስለዚህ ደብተራችሁ ላይ አንድም ዓመት ብቻውን እንዳይቀመጥ። ጎን ለጎን ሁለቱንም ጻፉ። ከመስከረማችን እስከ ዲሴምበር መጨረሻ 7፣ ከጃንዋሪ እስከ አዲስ ዓመታችን ዋዜማ 8 ቀንሱ። አለቀ።

«ሶሻል የሰነፍ ነው ይሉናል እኮ፤ ናቹራሎቹ ይስቁብናል።»

ይሳቁ። ከዚያ ይህቺን ሰንሰለት ይፍቱልን፦ እንግሊዝ አድሚራል ሂዌትን ወደ ዐፄ ዮሐንስ ለምን ላከች? ሱዳን ውስጥ መሐዲስቶች የከበቧቸው የግብፅ ወታደሮች በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጡላት ነው። በምላሹ የቦጎስ ግዛት ሊመለስልን፣ ዕቃችንም በምጽዋ በነጻ ሊተላለፍ ተፈረመ። ይህ 1876 ነው። በዓመቱ፣ በ1877፣ ጣሊያን እንግሊዝ እያወቀች ምጽዋን ያዘች። በ1878 ራስ አሉላ ኩፊት ላይ ከመሐዲስቶች ጋር ተዋጉ፤ ግብፆችን እናስወጣለን ባልን ጠላትነቱ ለእኛ ተረፈ። በ1879 ጣሊያን ከምጽዋ ወደ ውስጥ ስትገፋ ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ አምስት መቶ ያህል ወታደር ደመሰሱባት። በ1880 መሐዲስቶች ጎንደርን አቃጠሉ። በ1881 ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ፤ ሁለት ወር ሳይሞላ ውጫሌ ተፈረመ።

ቁጥሩን ልብ በሉልኝ። 76፣ 77፣ 78፣ 79፣ 80፣ 81። በየዓመቱ አንድ እርምጃ። በመጽሐፉ የፈረንጅ ቁጥር ይህ መሰላል አይታይም፤ ምጽዋና ኩፊት በአንድ 1885 ውስጥ ይገቡና 1886 ባዶ ይቀራል። በራሳችን አቆጣጠር ግን ስድስቱም ተሰልፈው ይቆማሉ። ይህን እያየሁ ልጅ በባዶ ቁጥር ሲሰቃይ ዝም ማለት አልችልም።

«ቆይ ቲቸር፣ እንግሊዝ ከእኛ ጋር ተፈራርማ ምጽዋን ጣሊያን እንድትይዝ ለምን ፈቀደች?»

ተባረክ! ይህ ነው ጥናት። ፈረንሳይ ከምትይዘው ጣሊያን ትያዘው ብላ ነው። አሁን የጠየቅኸውን ጥያቄ ደብተርህ ላይ ጻፈው፤ ከአስር ዓመተ ምሕረት ይበልጥልሃል።

«እሺ፣ የአድዋ ውል መቼ ተፈረመ ቢሉንስ? ከድሉ በኋላ አይደል?»

አይደለም፤ ብዙ ተማሪ የሚወድቅባት ጉድጓድ ይቺ ናት። የሂዌት ውል የተፈረመው አድዋ ከተማ ስለሆነ የአድዋ ውል ይባላል፤ ከጦርነቱ 12 ዓመት ይቀድማል። ከድሉ በኋላ የተፈረመው የአዲስ አበባው ነው። «አድዋ» የሚል ቃል ባየህ ቁጥር እጅህ ወደ 1888 አይሩጥ።

«ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው፤ ነገሩ ሳይገባን ቃሉ ያደክመናል።»

እዚህ ላይ እውነታችሁን ነው። አያቱ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ የነገረችውን ታሪክ ልጁ በባዕድ ቋንቋ ሲፈተን ሸክሙ እጥፍ ነው። መላው ግን አለ። አንድ ርዕስ በእንግሊዝኛ አንብብ፤ መጽሐፉን ዝጋ፤ እናትህ ቡና ስታፈላ አጠገቧ ተቀመጥና በቤታችሁ ቋንቋ ንገራት።

«እናቴ ዶጋሊን የት ታውቃለች?»

አታውቅም፤ ለዚህም ነው የምትጠቅምህ። «ጣሊያን እዚያ ምን ልትሠራ መጣች?» ትልሃለች። «እንግሊዝ ምን አገባት?» ትልሃለች። መመለስ ካቃተህ አላጠናህም፤ ተመልሰህ ክፈተው። ከመለስክላት ግን እንግሊዝኛው ቀለለህ ማለት ነው፤ የቀረህ ቃላቱ ብቻ ናቸው።

«ያለፉት ዓመታት ጥያቄ ቴሌግራም ላይ ከነመልሱ አለ። እሱን ብንሸመድድስ?»

ጥያቄውን ሥሩት፤ እኔም አሠራችኋለሁ። ግን «መልሱ ሲ ነው» ብሎ የያዘ ልጅ ምርጫው ቦታ ሲቀያየር ምን ይውጠዋል? ሲ ለምን ትክክል እንደሆነ አንዴ፣ ሌሎቹ ሦስቱ ለምን እንዳልሆኑ ሦስት ጊዜ አስረዳኝ። ከአንድ ጥያቄ አራት ትምህርት ታገኛለህ። መቶ ጥያቄ ከመሸምደድ ሃያውን እንዲህ ፈልፍላችሁ ብትሠሩ እመርጣለሁ።

«ቲቸር፣ በ2014ቱ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ከመቶ 3.3 ብቻ ነበር። እንግዲህ ማን ያልፋል ብለው ነው?»

ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ አልሸሽገውም። ግን ከተፈታኙ ዘጠና ሰባት በመቶ ያህሉ ሰነፍ ሊሆን አይችልም። መጽሐፍ ለሦስት የተጋራ፣ ዓመቱን ሙሉ የታሪክ መምህር ያላገኘ፣ ኩረጃ እንደ መብት ሲታይ ያደገ ልጅ ፈተና ላይ በድንገት አልወደቀም። ይህን መንግሥትም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ወላጁም ሊነጋገርበት ይገባል። አንቺ ግን የሚሆነውን አትጠብቂ። ዛሬ ማታ የሂዌትን ውል ለእናትሽ ንገሪያት።

«ከፈተናው በፊት ያለውን ሌሊት እንደር?»

ተኙ። ሌሊቱን ያደረ ልጅ ጉንደትን ከጉራ ቀርቶ ስሙን ከመለያ ቁጥሩ ያምታታል።

«ገብቼ ብረሳውስ? ጭራሽ ከአእምሮዬ ቢጠፋ?»

የጠፋውን ከጎረቤቱ ፈልጊው። ውጫሌና መተማ የትኛው ይቀድማል ቢሉሽና ዓመቱ ቢጠፋሽ፣ ራስሽን ጠይቂ፦ ውጫሌ ላይ ምኒልክ የፈረሙት ምን ሆነው ነው? ንጉሠ ነገሥት ሆነው። ዐፄ ዮሐንስ በሕይወት እያሉ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ይፈርሙ ነበር? አይፈርሙም። እንግዲያው መተማ ይቀድማል። ውጫሌን ያስቀደሙትን ሁለት ምርጫዎች ሰርዣቸው፤ የቀሩትን ሁለቱን አስተያያቸው።